ዘጠኙ የሉተር ስታግ ሞቶች

በፊልም ማከማቻው በር ላይ ሆመር ቢንስ በገዛ እጁ ጽፎ የሰቀለው ማስጠንቀቂያ ነበር። «ፊልም ሲነድ ካየህ ውጣ፤ ምንም ነገር አድናለሁ ብለህ አትመለስ» ይላል። ሆመር በዚያ ቤት በሠራባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይህን ቃል ሳያስጠና ለአንድም አዲስ ሠራተኛ ቁልፍ አስጨብጦ አያውቅም። የድሮው ፊልም እንደ ባሩድ ነው። አንዴ ከተያያዘ ውኃ አያጠፋውም፤ ጭሱም ሰውን በሁለት ትንፋሽ ይጥላል።

ማክሰኞ ከረፋዱ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ማከማቻው ነደደ። የሆመር አስከሬን የተገኘው ከበሩ ስምንት እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነው።

መርማሪ ኦረን ዊትከም ባርኔጣውን አውልቆ በእርጥቡ አመድ ላይ ተንበረከከ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሟች ፊት ባርኔጣ የማውለቅ ልማዱ በባልደረቦቹ ዘንድ መቀለጃ ሆኖ ቆይቷል።

«ሲወጣ ነው የወደቀው?» ሲል የእሳት አደጋ ሹሙን ጠየቀ።

«ሲገባ ነው እንጂ። ራሱ ወደ መደርደሪያዎቹ፣ እግሩ ወደ በሩ ነው።»

«ሥራ ላይ ሳለ ደርሶበት ቢሆንስ?»

«አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ሮጦ ሲገባ ብዙ ሰው አይቶታል። ተመለስ እያሉ ጮኹ፤ ዞር ብሎም አላያቸው።»

ሹሙ ዊትከምን ወደ ኋላው መስኮት ወሰደው። መስታወቱ ወደ ውስጥ ተሰብሯል። ከሥሩ፣ ከቀለጡ የፊልም ቆርቆሮዎች መካከል፣ አንድ የላምባ ፋኖስ በጎኑ ወድቋል።

«እዚህ ቤት ክብሪት በኪሱ የተገኘ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል» አለ ሹሙ። «ፋኖሱ በእግሩ አልመጣም።»

የግቢው ዘበኛ በሁለት እጁ የኮፍያውን ጠርዝ እያሽከረከረ ይጠብቅ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ማን ገባ?» አለው ዊትከም።

«እንግዳ የሚባል ሰው አልገባም፣ ጌታዬ።»

«እንግዳ ያልሆነስ?»

«ኧረ ስንቱን ልቁጠርልዎት! የቢሮ ሰው ገብቷል፣ አናጢ ገብቷል፣ ካውቦይ ገብቷል…»

«የትኛው ካውቦይ?»

ዘበኛው ኀዘኑን ረስቶ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «እስቲ ይኸን መንገድ ይመልከቱት።»

ዊትከም ተመለከተ። ከመድኃኒት መደብሩ ጥግ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉም ቡትስ ጫማና ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ግማሾቹ ሽጉጥ ታጥቀዋል። ለአንድ ቀን ሥራ የሚጠራቸው እስኪመጣ በየጠዋቱ እንደዚያው ይቆማሉ። ሴቶች የገበያ ቦርሳ ይዘው በመካከላቸው ያልፋሉ፤ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በዚያ ሰፈር ሰው እንዳያስተውለው የሚፈልግ፣ የወንበዴ ልብስ ለብሶ ቢመጣ ይበቃዋል።

የስቱዲዮው ባለቤት ሚስተር ክሮፍት ግን ጥያቄው ገና ሳያልቅ መልሱን ሰጠ።

«ጊልበርት ኦትስ። ባለፈው ሳምንት ያባረርኩት ፊልም ቆራጭ ነው። በሠራተኛው ሁሉ ፊት “ይህ ቤት ሲነድ ቆሜ አየዋለሁ” ብሎኛል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኦትስ ተያዘ። ጃኬቱ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር።

«ብለሃል?» አለው ዊትከም፣ በእስር ክፍሉ ጠባብ አግዳሚ ላይ ከጎኑ ተቀምጦ።

«ብያለሁ። ሰው ሲናደድ ስንት ነገር ይላል? አማቴን እገላታለሁ ብዬ ስንቴ ፎክሬአለሁ፤ ሴትዮዋ ይኸው ከኔ በላይ ጤነኛ ናት።»

«ላምባውስ?»

«የመኪናዬን ሞተር ሳጥብ ነበር። ቤቴ፣ ብቻዬን።»

«ማን አየህ?»

«ሞተሩ።» ወዲያው ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «መርማሪ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለዚህ ወንጀል ሰው ይገድላሉ፣ አይደል? ሆመር እኮ እጄን ይዞ ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው።»

ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል፤ ቤት አቃጥሎ ሰው የገደለ በሞት ይቀጣል። የጣቢያው አለቃ ክሱን ለዓርብ ቀጥሯል። በኮሪደሩ የኦትስ ሚስት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዊትከም ሲያልፍ ብድግ አለች፤ ከፊቱ የሚነበብ ነገር ስታጣ መልሳ ተቀመጠች።

ረቡዕ ጠዋት ከማከማቻው ትይዩ ወዳለው ምግብ ቤት ገባ። ዶቲ የምትባለው አስተናጋጅ ጠረጴዛውን ወለወለችለት፤ ንጹሕ ነበር፤ ደግማ ወለወለችው።

«እንደ ልማዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ» አለች። «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከዚያ ከጨለማ ቤት ስለማይወጣ ፀሐይ ይናፍቀዋል። እዚች መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፤ የፖም ኬኩን አመጣሁለት። ትንሽ ቆይቶ ወደ ውጭ አየና ፈገግ አለ። “ዶቲ፣ አንድ ስኒ ጨምሪልኝ” አለኝ።»

«ለማን?»

«አልነገረኝም። እኔስ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ? ከሆመር ጋር ቡና ያልጠጣ ካውቦይ አለ እንዴ? ሥራ ያጣ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚመጣው። አሮጌ ፊልማቸውን አውጥቶ ያሳያቸዋል። ጎረምሳ ሆነው ሲጋልቡ ራሳቸውን ያዩና ዓይናቸው ቀልቶ ይወጣሉ፤ ከዚያ እኔ ጋ ይመጡና “ዶቲ አታርጂም” ይሉኛል፣ ውሸታሞች።»

«ከዚያስ?»

«ስኒውን ሳስቀምጥ ጭሱ ወጣ። ሆመር ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ።» መጥረጊያውን በእጇ ጠመዘዘችው። «ስኒውን እስከ ማታ አላነሣሁትም። ምን እንደጠበቅኩ እንጃ።»

ዊትከም በማስታወሻው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። «ሟች የሚያውቀውን ሰው አይቷል። ሰውየው ግን ወደ ምግብ ቤቱ አልገባም።»

ፋኖሱን ወደ ጣቢያ ወስዶ ጥላሸቱን በቢላ ፋቀው። ከታች በኩል በነጭ ቀለም የተሠራ የፈረስ ኮቴ ምልክት ነበረበት። የስቱዲዮው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አንዴ አይቶ መለሰለት። «ይኼ የኛ አይደለም። የኛ ኮከብ ነው። ኮቴ ያለበት ሁሉ የተራራው ነው።»

ተራራው ማለት ድርጅቱ የካውቦይ ፊልሞቹን የሚቀርጽበት አለታማ ሸለቆ ነው፤ በመኪና አርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ኦትስ በሥራ ዘመኑ እግሩ ረግጦት አያውቅም።

«ዕቃ ከቦታ ቦታ ይዞራል» አለ አለቃው። «ዓርብ ነው ያልኩህ፤ ዓርብ ነው።»

በተራራው ማክሰኞ ዕለት የነበሩት ሃያ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዊትከም ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀ። ሥራውን ያቀለለችለት ሚስ ኔሊ ፋረል የምትባል፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። ሥራዋ መመዝገብ ነው። ሽፍታው ልጓሙን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የአክተሩ ሸሚዝ ስንት ቁልፉ እንደተከፈተ፣ አቧራው በየትኛው ትከሻ ላይ እንደነበር ትጽፋለች፤ ነገ ሲቀጥሉ ከዛሬው ጋር እንዳይጣላ።

በዚያ ረፋድ ከሸለቆው መውጣቱ የታወቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከፈረስ በመውደቅ የሚተዳደረው ሬድ ሃንከክ። የጭነት መኪናውን ይዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፍቷል።

«የት ነበርክ?»

«ከተማ፣ ፈረስ ሐኪም ዘንድ። ቡላው ፈረስ ሲያነክስ አላየኸውም? ሰውዬ፣ እኔ በሆመር ላይ እሳት? ሆመር ባይኖር ወጣት ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል?»

ሐኪሙ በስልክ አረጋገጠ፤ ሬድ በአምስት ሰዓት እዚያው ነበር፣ የፈረሱን እግር ይዞ።

ከፈረሶቹ ጋጥ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ የወንበዴ ልብስ ለብሶ በሳጥን ላይ ተቀምጧል። ዊትከም ፊቱን ሲያይ ለሰላምታ እጁን ሊያነሣ ቃጣው፤ የሚያውቀው ሰው መሰለው። ከየት እንደሚያውቀው ግን አላስታወስ አለው።

«ግድ የለም፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው» አለ ሰውየው። «ሉተር ስታግ እባላለሁ። ከባንኩ በር ላይ የሚመታው ሁለተኛው ወንበዴ ነኝ። አንዳንዴም ሦስተኛው።»

ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። መቶ አርባ ስምንት ፊልም ሠርቷል፤ ከተሰጡት ንግግሮች ረጅሙ አሥራ አንድ ቃል ነበር። በአንዱም ፊልም ላይ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች በሕይወት ቆይቶ አያውቅም። ሰዎች በየመንገዱ ያስቆሙታል፤ የአጎታቸው ጎረቤት፣ የድሮ አስተማሪያቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያዩት ሰው ይመስላቸዋል። ስሙን የጠራው አንድም ሰው የለም።

«ሆመር ወዳጄ ነበር» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«ማክሰኞ በአምስት ሰዓት ገደማ የት ነበሩ?»

«እኔማ እየሞትኩ ነበር» አለ ሉተር። ከዚያም እንደ ማፈር አለው። ዊትከም ሊነሣ ሲል እጅጌውን ያዘው። «መርማሪ፣ ግን ለምን ገባ? ሆመር እኮ እሳቱን ከሁላችን በላይ ያውቀዋል።»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አለ ዊትከም።

ሉተር ሲሞት ያየ ማን እንዳለ ሲጠይቅ ዘጠኝ ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ሚስ ፋረልም ከዘጠኙ አንዷ ነበረች፤ የቀኑን ሰሌዳ አሳየችው። ትዕይንት ስድሳ አንድ፣ የሁለተኛው ወንበዴ ሞት፣ በቀይ እርሳስ ተሰርዟል።

«ያለቀ ነው?» አላት።

«ያለቀ ነው።»

ዘጠኙም ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። ሌሎቹም እርስ በርስ ተመሰካክረዋል። ዊትከም ወደ ከተማ ሲመለስ በእጁ የቀረው ባለቤት ያጣ ፋኖስ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በጠረጴዛው ላይ ዘጠኙን ወረቀቶች ደርድሮ እንደገና አነበበ። መጀመሪያ ቸኩሎ ያነበበው ዘጠኙ ስለ አንድ ነገር መስማማታቸውን ነበር። አሁን ቀስ ብሎ፣ ወረቀቱን ከወረቀቱ ጋር እያስተያየ ሲያነብ ግን ቃላቸው አልገጠመም፤ በአምስት ሰዓት ፈረስ ሐኪም ዘንድ የነበረው ሬድ ሳይቀር ሉተር ከአለት ጫፍ ወደቀ ይላል። ካሜራ አንሺው ከፈረስ ላይ ነው ይላል። ምግብ አብሳዩ ደግሞ ውኃ ውስጥ ነው የሞተው ይላል። ዊትከም መነጽሩን አወለቀ። የሚዋሹ ሰዎች ቃላቸውን አስቀድመው ያስማማሉ፤ እነዚህ ግን ምንም የተመካከሩት ነገር አልነበረም።

ሚስ ፋረልን በሸለቆው፣ ተጣጣፊ ወንበሯ ላይ አገኛት።

«ይህ ቀይ መስመር ምን ማለት ነው?»

«ትዕይንቱ ከእጃችን ወጥቷል ማለት ነው።»

«ተቀርጿል ማለት ነው?»

«ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። ወይም ከማከማቻው ይሞላል። አንዳንድ ነገር ደግመን አንቀርጽም እኮ፤ የሠረገላ መገልበጥ፣ የጎተራ ቃጠሎ፣ ሰው ከሩቅ ሲወድቅ… ከድሮ ፊልም ቆርጠን እንቀጥለዋለን። ለዚህ ነው ተዋንያኑ ልብስ የማይቀይሩት። ሉተር ይህን ጃኬት አሥራ አራት ዓመት ለብሶታል።»

«ስድሳ አንድስ?»

ደብተሯን ገልጣ ማክሰኞን ፈለገች። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ከማከማቻ» አለች። «ሚስተር ክሮፍት ሰኞ በስልክ ሰረዘው። የሉተር ሞት በመደርደሪያው ሞልቷል፤ ለቅርብ ምስሉ ለአንድ ወጣት ጃኬቱን እናለብሰዋለን አለ። ከእንግዲህም ሉተርን አትጥሩት አለ።»

«ሉተር መቼ ሰማ?»

«ማክሰኞ ጠዋት፣ ልብሱን ለብሶ ከተዘጋጀ በኋላ። እኔ ነኝ የነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«“ስንት አሉኝ?” አለ። ሞቶቹን ማለቱ ነው። ለአሥር ዓመት ይበቃሉ ተብሏል አልኩት። አመሰገነኝና ሄደ። በምሳ ሰዓት ከኛ ጋር ተቀምጦ ይበላ ነበር፤ በመካከሉ ግን…» ቀና አለች። «መርማሪ፣ ሲሞት አይቼዋለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ።»

«ዘጠኛችሁም ፈርማችኋል።»

«እኔ አልዋሸሁም!»

«አውቃለሁ» አለ ዊትከም። «ስንት ጊዜ አይተሽዋል?»

እንባዋን በቀይ እርሳሷ ጀርባ ልትጠርግ ሞከረች።

ይህ ሁሉ ሉተር በሸለቆው አልሞተም ማለት ነው እንጂ ከሸለቆው ወጥቷል ማለት አይደለም። ዊትከም ከተራራው ሲመለስ መንገድ ላይ ሳለ አንድ ነገር ስላልገባው መኪናውን ወደ ሆመር ቤት አዞረ። ሆመር ከወዳጁ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግሮ ኖሮ ይሆን?

የሆመር ሚስት ኢዳ ቢንስ ገና ጥያቄውን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ቁልፍ አንሥታ ወደ መኪና ቤቱ ወሰደችው። ከአሮጌ ምንጣፍ ሥር አርባ ያህል ጠፍጣፋ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ በሆመር ጽሑፍ «ሉተር» የሚል ስምና ዓመተ ምሕረት ተጽፏል።

«ልታስረኝ ነው?» አለች።

«ለምን አመጣቸው?»

«ክሮፍት በሉተር ምትክ ሊጠቀምባቸው እንደሆነ ሰምቶ ነው። በቁራጭ በቁራጭ፣ በምሳ ዕቃው ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ አመላለሳቸው። “ሲፈልጉ ሲያጡት ሳይወዱ ይጠሩታል፤ መሞት ያለበት ሰው ከሌለማ ፊልሙ አያልቅላቸውም” ይለኝ ነበር።» ምንጣፉን መልሳ አለበሰቻቸው፣ ሕፃን እንደምታለብስ። «ለሉተር እንዳትነግሪው አለኝ። ሉተር ኩሩ ነው፤ በሰው ውለታ መሥራቱን ካወቀ ይከፋዋል አለ። ሥራው ሲሳካ፣ በኋላ እንስቅበታለን አለ።»

ሉተር ስታግ የሚኖረው ከአንድ ቤት ጓሮ፣ በብርቱካን ዛፎች መካከል በተሠራች አንዲት ክፍል ነበር። ዊትከም ሲደርስ ሸሚዙን በገመድ ላይ እያሰጣ ነው። ወንበር አቀረበለት፤ ራሱ በአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ።

«ምስክሮችዎ የተናገሩትን ላነብልዎት ነው የመጣሁት» አለ ዊትከም። «የተሳሳተ ነገር ካለ ያርሙኝ።»

«እሺ።»

«ሬድ ሃንከክ፤ “ከትልቁ አለት ጫፍ ቆሞ ነበር፤ ሲመታ ጠመንጃውን ለቀቀና በጀርባው ወደቀ።”»

ሉተር ራሱን ነቀነቀ። «የለም፣ የለም። ይኼማ ከጦርነቱ በፊት ነው። ከሥር የተነጠፈልኝን ገለባ ነፋስ ወስዶት ሁለት ጎድኔ ተሰበረ። ራሱ ሬድ ነው ተሸክሞ ያወረደኝ፤ ምን ነካው?»

«ካሜራ አንሺው፤ “ከግራጫዋ ፈረስ በግራ በኩል ተንሸራቶ እግሩ እርካቡ ላይ ቀረ።”»

«ግራጫዋ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ደግ ፈረስ ነበረች፤ ስወድቅ ቀስ ትልልኝ ነበር።»

«ምግብ አብሳዩ፤ “ወንዙ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ።”»

«የቱ ወንዝ? ከደረቀ ሦስት ዓመት አልፎታል እኮ!» ሉተር ሳቀ፤ ሳቁ የወጣት ነበር። «ያን ቀን ውኃው በረዶ ነበር። የሞተው ሰውዬ ይንቀጠቀጣል ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ትንፋሼን ይዤ የምር ልሞት ነበር።»

ዊትከም ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። የሰገነቱን ሞት አነበበለት፤ ሉተር የአጥሩን እንጨት ማን እንደ ሰራው ነገረው። የሠረገላውን አነበበለት፤ ሉተር ሠረገላ ነጂውን፣ ቀኑን፣ በዕለቱ የዘነበውን ዝናብ ሳይቀር አስታወሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበርና፣ አንዱንም ሳይዘል፣ ሞቶቹን በየዓመታቸው አስቀመጠ።

«ሚስ ፋረል፤ “በጉልበቱ ወደቀ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ከዚያ ተኛ።”»

ሉተር ቀና አለ።

«እሷ እሱን ታስታውሳለች?» አለ። «አዘጋጁ “ውደቅ” ብቻ ነው ያለኝ። ባርኔጣውን ከራሴ ጨመርኩት። ሰውየው ምን ዓይነት አስተዳደግ እንደነበረው እንዲታይ ብዬ ነው። ማንም አላየውም ብዬ ስንት ዘመን…»

«ዘጠኝ ሆኑ» አለ ዊትከም፣ ወረቀቶቹን አጥፎ። «የማክሰኞው የትኛው ነው፣ ሚስተር ስታግ?»

በውጭ እርጥቡ ሸሚዝ ከገመዱ ጋር ሲማታ ይሰማል። ሉተር ወረቀቶቹን አየ፤ ከዚያ ዊትከምን አየ። ምን እንዳደረገ የገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲገባውም አልተቆጣም።

«ሃያ ጎተራ አቃጥያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ፋኖስ በመስኮት መወርወር ሥራዬ ነው። ግን ሁልጊዜ ውጭ ውኃ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ።»

«ሆመርን አይተውት ነበር?»

«በሬድ የጭነት መኪና ኋላ ተደብቄ መጥቼ ነበር፤ ወርጄ ሳልፍ በምግብ ቤቱ መስኮት አየሁት። ደስ አለኝ፤ ውጭ ነው ብዬ። የራሴን ሞቶች ነበር ማቃጠል የፈለግኩት። እነሱ ከሌሉ ይጠሩኛል ብዬ። እኔ እኮ ሌላ የምችለው ነገር የለም። ሰው እስከመቼ ከራሱ ጋር ሥራ ይሻማል?»

«ኦትስ እንደታሰረ ያውቃሉ።»

«ዛሬ ይለቁታል፣ ነገ ይለቁታል እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ንጹሑን ሰው መጨረሻ ላይ ይለቁታል፣ አይደል? እኔ መጨረሻው ላይ ኖሬ ስለማላውቅ…» ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደና ለመሄድ ተዘጋጅቶ ቆመ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞረ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ለምን ገባ? ለፊልም ብሎ ነው?»

ዊትከም ሁለት መልስ ይዞ ነበር። የመጀመሪያው በአሮጌ ምንጣፍ ተሸፍኖ በኢዳ መኪና ቤት አለ፤ እሱን ለመናገር አፉ እንደማይታዘዝለት መንገድ ላይ ሳለ አውቆታል፤ በዘገባውም ላይ አላሰፈረውም። ስለ ሁለተኛው ግን መዋሸት አልቻለም።

«ፊልም ለማዳን አልገባም» አለ። «እርስዎ ወደ ማከማቻው ሲሄዱ አይቶዎታል። ለእርስዎ ስኒ አዞ ነበር። ጭሱ ሲነሣ ውስጥ የቀሩ መሰለው።»

ሉተር ጃኬቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«በኋላ በኩል ነው የወጣሁት» አለ። «አጥሩን ዘልዬ፣ ወደ ሬድ መኪና። ከምግብ ቤቱ መስኮት ሆኖ ስወጣ ሊያየኝ አይችልም ነበር።» እንደገና፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «በኋላ በኩል ነው የወጣሁት» አለ።

ዊትከም እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ወሰደው።

ጊልበርት ኦትስ ዓርብ ጠዋት ተፈታ። ሉተር ስታግ ጥፋቱን ስላመነ ከሞት ቅጣት ተርፎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በሰባተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ በእስር ቤቱ ሐኪም ቤት በሳንባ ምች ሞተ።